ከአንድ እስከ አምስት

ወረቀቱ መጣ በፈረቃ ማብቂያ፣
ከደም ናሙናና ከስኳር መለኪያ
መሀል ተሸጉጦ፤ ጥናት ነው ተባለ።
«ተለማማጅ ሐኪም፣ ልብሽ እንዴት ዋለ?
ከላይ ያለ ኃይል አለ ብለሽ ታምኛለሽ?
ሲከፋሽ ሲጨንቅሽ በምን ትጽናኛለሽ?
ከአንድ እስከ አምስት ባለው በቁጥር መልሺ፤
ስም አይጻፍበትም፣ ማክበብ እንዳትረሺ።»
ሠላሳ ሰዓት ሙሉ የቆምኩበት እግሬ
ከኔ በላይ ያውቃል፤ እሱን ጠይቁት ዛሬ።

እዚህ ባቲካሎአ፣ ሐይቁ ከባሕር ጨው በሚቀምስበት ደጃፍ፣
ኢምቲያስ መጋዘን ውስጥ ይሰግዳል፣
በግሉኮስ ካርቶኖች መካከል፤ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጮሃል።
የቀኙን ሰላምታ በወጉ ያወርዳል፣
የግራውን ኮሪደር ላይ ሲሮጥ ይጨርሳል።

ቻማሪ መነኩሴው ያሰረላት ነጭ ክር ነበራት።
«ክንድ ባዶ ይሁን» ይላል ሕጉ፣ ለጀርም ሲባል።
በመቀስ ቆረጠችው፤ በጓንት ጣት ውስጥ ቋጥራ
ከመታወቂያዋ ጀርባ ሸሸገችው።

ዲኔሽ ይቀልዳል። ሁሌ ይቀልዳል።
አንድ ሌሊት ደረጃ ሥር ተጋድሞ አገኘሁት፣ ዓይኑ ፈጥጦ።
«ምን ሆንክ?» ስለው «ደረጃ እየቆጠርኩ ነው» አለኝ።
አልሳቅሁም። እሱም አልሳቀም።

እኔስ? እናቴ ማለዳ ግንባሬን የምትቀባኝ የመቅደስ አመድ
እስከ ቀትር በላብ ርሶ ቅንድቤ ላይ ጭቃ ይሆናል።
ጸሎቴም እንደዚያው።

ኒላኒ ስድስት ዓመቷ ነበር። ደንጊ ትኩሳት።
የደም ሥሯን ፈልጌ ያጣሁት እኔ ነኝ።
ሦስት ጊዜ ወጋኋት፣ ሦስት ጊዜ «ይቅርታ» አልኳት፤
በአራተኛው እሷ «አይዞሽ» አለችኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ።
ሰዓቱን ጻፍኩት፤ ፊደሌ ቀጥ ያለ፣
እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።
ከዚያ ወደ ቀጣዩ አልጋ፣ ወደሚያስለው ልጅ።
«ተንፍስ» አልኩት፣ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፤
ለራሴ ማለት ረሳሁ።

ሲስተር ፐርፔቱዋ ብስኩቱን ከነቆርቆሮው አቀረበችልኝ።
«ብዪ።»
«ምንም አልተሰማኝም» አልኳት።
«ይሰማሻል» አለች፣ «ሐሙስ ነው የሚመጣው፣
ወይ ዓርብ፣ ሳህን ስታጥቢ።»
መጣም። ግን ቅዳሜ ነበር፣ ጫማዬን ሳስር።

ወር ሳይሞላ አባቷ ሴልቫናያጋም በር ላይ ጠበቀኝ።
ሊጮህብኝ መስሎኝ ስቴቶስኮፔን ጨበጥኩ፤
ሊከሰኝ መስሎኝ የፋይሏን ቁጥር በልቤ ደገምኩ።
እሱ ግን፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ጨረቃ ሙሉ ናት።
ዓሣው ሲዘፍን አሰማሻለሁ ብያት ነበር፤ አልደረሰችም።
ቃሌ ሜዳ ላይ እንዳይቀር፣ አንቺ ነይ።»

ካላዲ ድልድይ ሥር ታንኳው ተንሳፈፈ፤
የጨረቃ ወተት ውኃው ላይ ሰፈፈ፤
መቅዘፊያውን ገልብጦ ውኃው ውስጥ ነከረ፣
«ጫፉን ከጆሮሽ ጋር» ብሎ አቀረቀረ።

እንጨቱ ቀዝቃዛ ነው። ምን ሰማሁ?
ዓሣ ነው ይላሉ፣ ቀንድ አውጣ ነው ይላሉ፤ ክርክሩ የቆየ ነው።
እርጥብ ጣት የብርጭቆ አፍ ሲያሽ፣
ወይ አባቴ «ያሊኒ» ሲለኝ ስሙን የተዋሰው
ያ የጥንት በገና ከሩቅ ሲነካካ፤
ወይስ የገዛ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲመላለስ፤
ሐኪም ነኝና ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

«ሰማሽ?»
«ሰማሁ።» ውሸት ከሆነም
ያላፈርኩበት የመጀመሪያው ነው።
እሱም መቅዘፊያውን ተቀብሎ አዳመጠ፣ ብዙ ቆየ።
ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ የኔም።
ታንኳው ሁለታችንንም ይዞ ተወዛወዘ።
ማን ማንን አጽናና? ለዚህ ቁጥር አላዘጋጁም።

ወረቀቱን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ረስቼው አብሮ ታጠበ።
ከአንድ እስከ አምስት ቀለሙ ተደባልቆ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሆነ፤
አዘንብለው ካዩት ሦስት ይመስላል።
እንዲሁ መለስኩት።

ዛሬ ጠዋት፣ ዋርድ ሰባት፤ ሌላ ልጅ፣ ሌላ ትኩሳት።
ስቴቶስኮፑን ደረቱ ላይ ከማኖሬ በፊት
በመዳፌ ጨብጬ ቆየሁ።
ኢምቲያስ እየሮጠ ደረሰ፣ የግራው ሰላምታ ገና አንገቱ ላይ።
«ምን ትጠብቂያለሽ?»
«ብረቱ እስኪሞቅ» አልኩት።